የትርንጎ እግር ከማን ቤት መጣ

ከሰቆጣ ልወጣ ዋዜማው ላይ ቤታችን በሰው ተጨናንቆ ነበር። አገር ጥሎ የሚሄድ ሰው እንዴት እንደምንሸኝ ታውቁታላችሁ። አንዱ ይመርቃል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ደግሞ የሚፈልገውን የስልክ ዓይነት በጆሮዬ ይነግረኛል። እናቴ በሶውን አስፈጭታ፣ በርበሬውን አሽጋ፣ ማሩን በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ፣ በዚያ ላይ ቅቤ በዕቃ ጨምራ፣ ሻንጣው አልዘጋ ሲላት ተቀመጠችበት። «እማዬ ተይ፣ ይፈነዳል» ብላት «ይፈንዳ፤ ባዶሽን አትሄጂም» አለችኝ። ሰዉ ሁሉ ሲያወራ ዝም ያለችው አንድ ታላቅ እህቴ እታገኝ ብቻ ነበረች። ልጇን ትርንጎን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ የልጅቱን ግራ እግር በነጠላዋ ሸፍና፣ ጥግ ይዛ ነበር።

የትርንጎ ግራ እግር እንደ ቀኙ አይደለም። ስትወለድ ትንሽ ወፈር ያለ ነበር፤ አራስ ቤት የገባው ሰው ሁሉ «ጠንካራ ልጅ ናት» እያለ ስሟት ሄደ። ልጅቱ ስታድግ ግን እግሩ ቀድሟት ያድግ ጀመር። ወፈረ፣ ረዘመ፣ ጣቶቿ እርስ በርሳቸው ተገፋፉ። ጫማ ሲገዛላት ሁለት ጥንድ ተገዝቶ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ እግር ይወሰዳል። እኔም እንግዲህ የምሄድ ሰው አይደለሁ፣ ለማጽናናት ያህል «ከዚያ ጥሩ ጫማ እልክላታለሁ» አልኳት።

«ጫማውን ተዪው» አለችኝ እታገኝ። «እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ይሄ ነገር ከየት እንደመጣ እወቂልኝ። ከኔ ከሆነም ከአንቺ ነው በዪኝ። ልወቀውና ይውጣልኝ።»

እህቴ ለምን እንዲህ እንዳለች ላስረዳችሁ። እታገኝ ያገባችው ጋዝጊብላ ወረዳ ነው። ባሏ ኪሮስ ይባላል፤ ደህና ገበሬ፣ ዝምተኛ፣ አባቱን የሚፈራ ሰው ነው። ከጋብቻው በፊት በአገራችን ደንብ ሽማግሌ ተቀምጦ ሰባት ቤት ተቆጠረ። ከእኛ ወገን የቆጠረው አባቴ ነበር። ነፍሱን ይማረውና አባቴ የቆጠራ አዋቂ ነበር፤ ሰው ልጁን ሊድር ሲል ከዝቋላም ከኒሯቅም መጥቶ «እስቲ ይሄን ወገን ንገረን» ይለው ነበር። በእናት በኩል፣ በአባት በኩል፣ ሰባት እስኪሞላ ድረስ ዓይኑን ጨፍኖ ያወርደዋል። ለኪሮስ ቤትም እንዲሁ አወረደላቸው። ዝምድና የለም፣ ነውር የለም ተባለ፤ ሠርጉ ሆነ። አባቴ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ ትርንጎን አላያትም።

እግሩ ማደጉን ሲያዩ የኪሮስ አባት አያ መልኬ አንድ ቃል ተናገሩ። «በቆጠራው የተዘለለ ሰው አለ» አሉ። አባቴ ከሰባቱ ቤት በአንዱ ውስጥ የነበረ በሽተኛ፣ ወይ ዘመድ የሚሆን ሰው እያወቀ ዘሎ፣ ደብቆ ዳረ ማለታቸው ነው። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከአፍ ከወጣ ማን ይመልሰዋል? እታገኝን ልጇን አስይዘው ወደ እናቷ ቤት ላኳት። «እስኪጣራ ነው» አሉ። ሲጣራ፣ ሲጣራ፣ ትርንጎ አራት ዓመት ሞላት። ኪሮስ በገበያ ቀን ብቅ እያለ ልጁን ያያል፤ ሚስቱን ግን ዓይኗን አያይም።

እንግዲህ ይህን ይዤ ነው ንጋት ላይ አውቶቡስ የተሳፈርኩት። ስለ መንገዱ ብዙ አላወራም፤ የሄደ ያውቀዋል፣ ያልሄደ ቢነግሩት አይገባውም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ጀርመን ስደርስ የጉምሩክ ሰውዬ ሻንጣዬን አስከፈተና የእናቴን በሶ በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው።

«ይሄ ምንድነው?»

«በሶ።»

«በሶ ምንድነው?»

«ገብስ።»

«ገብስ እንዲህ አይመስልም።»

«ተቆልቶ ተፈጭቶ ነው።»

«ለምን?»

ለምን! «ለመንገድ ነው» አልኩት።

«መንገድሽ እኮ አለቀ» አለኝ፤ «ደርሰሻል።»

ሳቄ መጣ፤ እንባዬም መጣ። በሶውን አሳለፈልኝ፣ ማሩን አሳለፈልኝ፣ ቅቤውን ግን የእንስሳ ተዋጽኦ ክልክል ነው ብሎ ከነዕቃው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጨመረው። እናቴ ያንን ቅቤ እስክታጠራቅም ምን ያህል ሰው እንደለመነች አልነገርኩትም። ብነግረውስ?

የመጣሁት ለትምህርት ነው። ባዮሎጂ ተምሬ ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ቆይቼ ነበር። አንድ የዶክትሬት ሥልጠና መረብ የሚባል ነገር ማስታወቂያ አየሁ፤ በየአገሩ ያሉ ላብራቶሪዎች ተባብረው፣ በየአገሩ አንዳንድ ተማሪ አስቀምጠው፣ ህዋስ እንዴት «እደግ» እንደሚባልና እንዴት «በቃ» እንደሚባል ያጠናሉ። ይህ ምልክት ሲበላሽ የሚመጡ፣ በጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚታዩ በሽታዎችንም አብረው ይመረምራሉ። ሳነበው የትርንጎ እግር ነው የታየኝ። ከመስፈርቱ አንዱ ደግሞ ተማሪው በሚሄድበት አገር ኖሮ የማያውቅ መሆን አለበት ይላል። እግዜር ያሳያችሁ! ዕድሜዬን ሙሉ ውጭ አገር ባለመኖሬ ስቀጣ ኖሬ፣ አንድ ቀን አለመኖሬ ሥራ አስገኘልኝ።

መኖሩ ግን ከበደኝ፤ ልዋሽ አልፈልግም። ሰቆጣ ፀሐይዋ ስትወጣ ታቃጥላለች፣ ስትገባም በግልጽ ትገባለች። እዚህ ክረምት ሲሆን ፀሐይ ወጥታ እንደሆነ የምታውቁት ቢሮ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ነው። ሰዉ ክፉ አይደለም። ሰላም ይላል፣ በር ይይዝልሃል፣ ከዚያ ያልፋል። የታመመ ለመጠየቅ ቀጠሮ ይይዛሉ፤ «ቴርሚን» ይሉታል። አከራዬ ፍራው ሄንከ የሚባሉ ጡረተኛ ሴትዮ ናቸው፤ ከእኔ ጋር የነበራቸው ጠብ ሁሉ መስኮት ላይ ነው። እኔ ብርዱን ፈርቼ እዘጋለሁ፣ እርሳቸው ያንኳኳሉ።

«ሉፍተን!» ይላሉ። መስኮት ክፈቺ ማለት ነው።

«ብርድ ይገባብኛል እኮ።»

«ብርድ አይደለም። አየር ነው።»

«አየሩ ነው ብርዱ፣ እመቤቴ።»

«ካልከፈትሽ ግድግዳው ይሻግታል።»

«ከከፈትኩ እኔ እሻግታለሁ።»

አልሳቁም። ማስጠንቀቂያ ብለው የክፍሌ በር ላይ ለጠፉልኝ። እኔም ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ከፍቼ፣ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ፣ በሶዬን በማር ለውሼ እየበላሁ እጠብቃለሁ፤ አየሩ ሲጠግብ እዘጋለሁ።

ምግቡንም ልንገራችሁ። ላብራቶሪው አጠገብ ምግብ ቤት አለ። ረቡዕና ዓርብ ከእንስሳ ምንም የሌለበትን ሰልፍ ስይዝ አዩኝና «ቬጋን ነሽ?» አሉኝ። ጾም ነው ማለት ሰለቸኝና አዎ አልኳቸው። በጣም ተከበርኩ። ምድርን የምታድን ሆንኩላቸው። ፋሲካ ሲሆን የዶሮ ጭን ይዤ ሲያዩኝ የአንዷን ፊት ያጋጠመውን ሐዘን ብታዩት ለእኔ ታለቅሱ ነበር። ኢኔስ የምትባለው ፖርቱጋላዊት ግን ሳቀች። ኢኔስ የመረቡ ተማሪ ናት፣ ከእኔ ጎን ነው የምትሠራው፤ እሷም ከሞቀ አገር መጥታ የምትንቀጠቀጥ ነች። እሷ ባትኖር ኖሮ ምን እሆን ነበር እንጃ።

የትርንጎን ነገር ለአለቃዬ ነገርኩት፤ እሱ ደግሞ በመረቡ ውስጥ ካሉት አንድ አዛውንት የዘር ሐኪም ጋር አገናኘኝ። ሐኪሙ ወረቀትና እርሳስ አወጡ፣ ሴቱን በክብ፣ ወንዱን በአራት ማዕዘን እየሣሉ ቤተሰባችንን ሊቀርጹ ጀመሩ።

«እናትና አባቷ ዘመዳሞች ናቸው?» አሉኝ መጀመሪያ።

ደሜ ፈላ። «በፍጹም!»

«በገጠር አካባቢ ስለሚያጋጥም ነው የጠየቅሁት» አሉ።

«በእኛ ገጠር አያጋጥምም። ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋቡት።»

«ሰባት ምን?»

አባቴ እንዳደረገው ዓይኔን ጨፈንኩና በእናቴ በኩል ጀመርኩ። አራተኛው ላይ ስደርስ ወረቀታቸው አለቀ። ሌላ ወረቀት ቀጠሉበት፤ በመጨረሻ እርሳሱን አስቀመጡና «ሦስት ትውልድ ይበቃናል» አሉኝ። እርሳቸውስ እስከ ስንት እንደሚያውቁ ጠየቅኳቸው። የአያታቸውን አባት ስም እንደማያውቁ ነገሩኝ፣ ትንሽም አፈሩ። እኔ ግን አልኮራሁም። ያ ሁሉ ስም እህቴን በቤቷ አላስቀራትምና።

መጀመሪያ ደም ተመረመረ። የመረቡ አባል የሆነ አንድ ሆስፒታል አዲስ አበባ ነበርና እታገኝ ልጇን ይዛ ሄደች። የእናት፣ የአባትና የልጅ ደም ያስፈልግ ስለነበር ኪሮስ አባቱን «በሬ ልሸጥ ነው» ብሎ ተከተላት። የሦስቱም ደም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ለእታገኝ ደስ እያለኝ ደወልኩላት፤ ወሬው ጋዝጊብላ ደረሰ፤ አያ መልኬም «ደሙ ንጹሕ ከሆነ እግሩን ማን አሳበጠው? ማሽኑ የማያየው ነገር አለ ማለት ነው» አሉ። አይ አያ መልኬ! እውነት ለመናገር፣ ሐኪሙም ያሉት ይህንኑ ነበር። ነገሩ ደም ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ ከእግሩ ራሱ መወሰድ አለበት አሉ።

ስለዚህ እንደገና አዲስ አበባ ተሄደ። ሐኪሞቹ የትርንጎን እግር አደንዝዘው የምስር ፍሬ የምታህል ቆዳ ቆረጡ። ልጅቱ አላለቀሰችም አሉኝ፤ «የት ነው የምትወስዱት?» ብላ ብቻ ጠየቀች። እታገኝ «አክስትሽ ጋ ነው» አለቻት።

እውነትም እኔ ጋ መጣ። ላብራቶሪ ውስጥ ህዋስ ከቆዳው ተለይቶ፣ በጠፍጣፋ ብልቃጥ ውስጥ ሮዝ መሳይ ፈሳሽ እየተሰጠው፣ በሙቀት ሳጥን ውስጥ ይኖራል። ፈሳሹ ሲያልቅ ሌላ ይጨመራል፤ እኛም «ማብላት» ነው የምንለው። እኔ እንዳበላው ግን አልተፈቀደልኝም። አንዲት የሥነ ምግባር ኃላፊ ጠርታኝ፦

«ታካሚዋን ታውቂያታለሽ?» አለችኝ።

«የእህቴ ልጅ ናት።»

«እንግዲያው የእሷን ናሙና መንካት አትችዪም።»

«እሷን ራሷን እኮ አሳድጌአታለሁ፤ አጥቤአታለሁ፣ አዝዬአታለሁ።»

«እሱ የግል ጉዳይሽ ነው» አለች።

እውነቷን ነው፤ ሕጉ ልክ ነው። ሥራው ለኢኔስ ተሰጠ። እኔ የራሴን ናሙና እየሠራሁ ከጎኗ እቀመጣለሁ። አንዳንዴ ኢኔስ ምንም ሳትል ከማይክሮስኮፑ ላይ ተነስታ ውሃ ልትጠጣ ትወጣለች። ያን ጊዜ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። የሌሎች ህዋሶች ተነካክተው ሲሞሉ ያቆማሉ፤ የትርንጎ ግን አንዱ በአንዱ ላይ ይወጣል። ተመልሳ ስትመጣ ቦታዬ ላይ ነኝ።

ይህን ነገር ለእናቴ መንገሬ ሌላ ጣጣ አመጣ። «ሥጋዋ እዚያ በሕይወት አለ?» አለች፣ አማተበች። «ምን ትበላለች?»

እኔም ሞኝ ነኝ፤ እውነቱን ነገርኳት። «ፈሳሹ ውስጥ ከጥጃ ደም የሚወጣ ነገር አለበት።»

ስትቆጣ እንደምታደርገው በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንጋ ጀመረች፤ ከዚያ ወደ አማርኛ ተመለሰች። «ፍልሰታ ነው እኮ! በፍልሰታ ልጄን ደም ታበላላችሁ?»

«እማዬ፣ ልጅቷ አይደለችም፤ ህዋሷ ነው።»

«የማን ነው ህዋሱ?»

የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ደወለች። ንስሐ አባቷን ጠይቃ ኖሯል። ቄሱም ብዙ አስበው፣ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ የመጾም ግዴታ ስለሌለበት ችግር የለውም ብለዋት ነፍሷ መለስ አለላት። ከሰባት በኋላ ግን ሌላ ነገር እንዲፈለግ አደራ አለችኝ። ለኢኔስ ነገርኳት፤ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ «ሌላ ዓይነት ፈሳሽ አለ፣ እስቲ ልሞክር» አለችኝ።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ቢሯቸው አስገቡኝ። በእግሩ ህዋስ ውስጥ አንድ ስህተት ተገኝቷል። በልጅቱ ደም ውስጥ ግን የለም። በእታገኝ የለም። በኪሮስ የለም። «ከወላጆቿ አልመጣም» አሉኝ። ትርንጎ ሆድ ውስጥ ሳለች፣ ገና ከጥቂት ህዋስ ስትበዛ፣ ከእነዚያ ውስጥ አንዲቷ ስትከፈል ተሳሳተች፤ እግሩን የሠሩት የእሷ ልጆች ናቸው። «በቃ» የሚለው ምልክት አይደርሳቸውም። የመስኖ ቦይ ተከፍቶ ሲረሳ እንደሚሆነው ነው። ማንም አላጠፋም። ስለ መድኃኒትም ጠየቅኳቸው፤ እየተሞከረ ነው፣ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ልጅ ገና ነው፣ ወደ እኛ አገር ደግሞ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም አሉ። ሰማሁ። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ። ደስታም ነበረበት፤ አባቴ አልዘለለም።

እናቴ ለጋዝጊብላ ሰዎች ላከችባቸው፤ ሽማግሌ ሊቀመጥ ሆነ። እኔም ሄጄ በአፌ ልነግራቸው ቆርጬ ነበር። የመኖሪያ ካርዴ ግን ጊዜው አልፎ እድሳት ላይ ነበር፤ ከወጣሁ መመለስ አልችልም። ወደ ውጭ ዜጎች ቢሮ፣ አውስላንደርበሄርደ ወደሚሉት፣ ሄጄ ለመንኩ።

«አስቸኳይ ነው?» አለኝ ሰውየው።

«ሽማግሌ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።»

«ታሟል?»

«አልታመመም። ሽማግሌ ማለት… ዕርቅ ነው። የእህቴ ትዳር።»

ኮምፒውተሩን አየ። «ሞት ካለ ማፋጠን ይቻላል። ሠርግም ካለ ይታያል።»

«ሠርጉማ አልፏል፤ አሁን ሊፈርስ ነው።»

«ለእሱ ቦታ የለውም» አለኝ፤ ከልቡም አዘነልኝ መሰለኝ። «የሚቀጥለው ቴርሚን ከሁለት ወር በኋላ ነው።»

ስለዚህ በስልክ ሆነ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእናቴ ቤት ተሰበሰቡ። ኪሮስ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ መደብ ላይ አስቀመጠው። አያ መልኬ አሉ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ፣ እናቴ አለች። እታገኝ እንደ ደንቡ ጓዳ ናት። እኔ እዚህ መስኮቴን ዘግቼ፣ ፍራው ሄንከን ረስቼ፣ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ስለ ህዋስ፣ ስለ ምልክቱ፣ ስለ ቦዩ አስረዳሁ። አፌ እስኪደርቅ ተናገርኩ። ስጨርስ ጸጥ አለ።

«ሄሎ? ተቋረጠ?»

«አለን» አሉ አያ መልኬ። «እንግዲህ ልጄ፣ ያልሽውን ሰምተናል። ታዲያ ከማን ነው?»

«ከማንም አይደለም፣ አያ መልኬ። ከእናንተም ከእኛም አይደለም። የተዘለለ ሰው የለም።»

«ነገር ከማንም አይመጣም፣ ልጄ። ከሆነ ቦታ ነው የሚመጣው።»

«ከራሷ ነው የመጣው፤ ሆድ ውስጥ ሳለች።»

«ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ምን አድርጋ?» አሉ። እንዴት እንደደከመኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ያን ጊዜ ሰብሳቢው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ስንት ቤት እንዳስታረቁ ያስታውቃል። «ስሙኝ፤ ሰው እዚህ ድረስ መጥቶ ባዶውን አይመለስም» አሉ። «ልጅቷም ካለችበት ሆና ደክማለች፣ እግዜር ይስጣት። እኛ እንዲህ እንበል። አንድ ስም ከዚህ ወገን ተዘሏል፣ አንድ ስም ከዚያ ወገን ተዘሏል። ግማሹ ከእናንተ፣ ግማሹ ከእኛ። ማንም ማንንም አይወቅስ። እታገኝ ልጇን ይዛ ዛሬውኑ ወደ ቤቷ ትግባ።»

አያ መልኬ «እኔ እቀበላለሁ» አሉ። ለእርሳቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ግማሹን በቤታቸው ተሸከሙ። ኪሮስ እንኳ «እሰይ» ሲል ሰማሁት፤ እንዲህ ጮክ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እኔስ? እኔ ሳይንቲስት ነኝ የምለው ሴትዮ፣ ያን ሁሉ ዓመት ለእውነት ስል በብርድ የተቀመጥኩት፣ በልቤ «በሞቴ እታገኝ፣ እሺ በያቸው፣ ይሁን» አልኩ። ቤቷ ትግባልኝ፤ ባሏ ይወዳታል፤ ምን ይጎዳል?

ከጓዳው የእህቴ ድምፅ መጣ። በእንዲህ ያለ ቦታ ሴት ልጅ ሳትጠየቅ አትናገርም።

«ግማሹንም አልቀበልም» አለች።

«አንቺ ልጅ» አሉ አያ መልኬ።

«አልቀበልም፣ አያ። ሙሉውን ስትጭኑብኝ ተሸክሜ ወጣሁ፤ ምንም አላልኩም። አሁን የማንም አይደለም ተብሏል። የማንም ያልሆነውን ነገር ግማሹን ብቀበል አባቴ ዘሏል ማለቴ ነው። አባቴ አልዘለለም። ሞቶ ውሸታም አላስብለውም።» ሳታቋርጥ ቀጠለች። «ኪሮስ የሚፈልገኝ ከሆነ ባዶ እጁን ይምጣ፤ ግማሽ ይዞ አይምጣብኝ።»

ሁሉም ባንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ፤ እናቴ ታለቅሳለች፣ ሽማግሌው «ቆይ፣ ቆይ» ይላሉ፣ የአያ መልኬ ዱላ ወለሉን ሲመታ ተሰማኝ። «እንግዲህ ሌላ ቀን ይታያል» ተባለ። የእግር ድምፅ፣ የበር ድምፅ። «ኪሮስስ?» አልኩ፣ ማን እንደሚሰማኝ ሳላውቅ። ስልኩን ያነሳችው እታገኝ ነበረች።

«አባቱን ተከትሎ ወጣ» አለችኝ። «በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ቆሞ ቆሞ ወጣ።»

«ትቆጪያለሽ?»

«እንጃ» አለች። «እንቅልፌ ግን ዛሬ ይመጣል መሰለኝ። አንቺ ግን ከፋሽ እንዴ? ይህን ያህል ደክመሽልኝ…»

አልከፋኝም አልኳት። ናፈቀኝ ማለት ነው የፈለግሁት፤ ሁላችሁም ናፈቃችሁኝ፣ ያ መደብ ላይ መቀመጥ ናፈቀኝ፣ ከጎንሽ ሆኜ ያንን ቃል ስትናገሪ እጅሽን መያዝ ነበረብኝ። ግን እንባዬ ቀደመኝ። እሷም «ይህቺ ልጅ ስልኩን ስጪኝ ትለኛለች» አለችኝ።

«አክስቴ» አለች ትርንጎ።

«ወዬ የኔ እመቤት።»

«ያ ሥጋዬ አለ?»

«አለ።»

«አንቺ ነሽ የምታበዪው?»

«እኔ አይደለሁም። ጎረቤቴ ናት የምታበላው፤ ኢኔስ ትባላለች።»

«ደግ ናት?»

«በጣም ደግ ናት። በበዓልም እየመጣች ታበላዋለች።»

ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ብዙ አታብዪው በያት» አለችኝ። «ያድጋል።»